መልክዐ ምድርን ማንበብ፦ ከሪያድ በመጣ አንድ ካርታ መነሻነት

የዘንድሮው የገዳማችን ዓመታዊ በዓል በተፈጸመ በማግሥቱ፣ ሕዝቡ ወደየአገሩ ሲመለስ፣ ከሪያድ ከተማ ለዕረፍት የመጣ አንድ ምእመን ከእንግዳ ማረፊያው ደጃፍ ሳይነሣ ቀረ። በብብቱ ረጅም የፕላስቲክ ቧንቧ ይዟል። ጠበል ፈልጎ ወይም ጸሎት ሽቶ የቆየ መስሎን ቀረብ ብለን ብንጠይቀው፣ «አባታችን፣ አንድ ወረቀት አብረውኝ እንዲያዩልኝ ነው» አለን። መጻሕፍት በምንጠግንበት ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን ከቧንቧው አውጥቶ ዘረጋው፤ እየተጠቀለለ ቢያስቸግረን ብራና በምንፍቅባቸው ድንጋዮች አራቱን ማእዘን ጫንነው። ከታጁራ እስከ ኦቦክ ያለውን የጅቡቲ የባሕር ጠረፍ የሚያሳይ፣ መስፈርቱ 1፡100,000 የሆነ ዝርዝር የመልክዐ ምድር ካርታ ነበረ።

ይህ ወንድማችን ዛሬ በሪያድ ለመሬት ዳሰሳ ባለሙያዎች ሾፌር ሆኖ ይሠራል። ካርታ ማንበብን የተማረው እነርሱን በበረሃ ሲያመላልስ ነው። ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት ግን፣ ገና ጢሙ ሳያቀመቅም፣ ከስድስት ጓደኞቹ ጋር በደላላ ምሪት በዚሁ ጠረፍ በእግሩ አልፏል። ደላላው «አንድ ሌሊት ነው፤ ባሕሩን በቀኝ ይዛችሁ መሄድ ብቻ ነው» ብሎ አሰናበታቸው። እያንዳንዳቸው የያዙት ውኃ በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው የፕላስቲክ ጠርሙስ አንድ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ሌሊት መጨረሻ ከሰባቱ አንዱ፣ አብሮ አደግ የሰፈራቸው ልጅ፣ ከአንድ ጥቁር ኮረብታ ሥር ተቀመጠ፤ ከዚያም አልተነሣም።

በካርታው ላይ ከዚያ ኮረብታ በስተ ጀርባ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ክብ አለች፤ የውኃ ጉድጓድ ምልክት ናት። ወንድማችን አንዱን ጣቱን በኮረብታው፣ ሁለተኛውን በሰማያዊዋ ክብ ላይ አኑሮ፣ «ሦስት ሴንቲ ሜትር ናት፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አባታችን፣ ያን ጊዜ ይህ ካርታ በእጃችን ቢኖር ይተርፍ ነበር?» ብሎ ጠየቀን።

እኛ ዕድሜያችን ከስድሳ አልፎ፣ ከዜማና ከመጻሕፍት በቀር ሌላ ትምህርት ሳንቀጽል የኖርን ስለሆንን፣ ለዚህ ጥያቄ በዚያች ሰዓት መልስ አልነበረንም። «ሦስት ቀን ስጠንና አንተ ወረቀቱን አስተምረን፤ ከዚያ በኋላ እንመልስልሃለን» አልነው። በእነዚህ ሦስት ቀናት የተማርነውን፣ ከመጻሕፍትም አገናዝበን ያገኘነውን፣ ለእናንተ ለተሳላሚዎቻችንና ለማኅበረ መነኮሳቱ ለማካፈል ይህን ጽፈናል።

መልክና መልክዕ

አስቀድመን ከስሙ እንነሣ። «ካርታ» የላቲን ቃል ሲሆን ወረቀት ማለት ነው። «መልክዐ ምድር» ግን የራሳችን ነው። በግእዝ «ለክዐ» ጻፈ፣ ቀረጸ ማለት ነው፤ «መልክዕ» ከዚህ ወጥቶ ምስልን፣ ቅርጽን፣ ፊትን ያመለክታል። የቤተ ክርስቲያን ልጆች መልክዕ የሚባለውን ድርሰት ታውቁታላችሁ፤ ደራሲው ከስም ዝክር ተነሥቶ፣ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ድረስ እያንዳንዱን የአካል ክፍል በየተራው እያነሣ ያመሰግናል። አንዱንም አይዘልልም፤ ቅንድብን ከዐይን፣ ጣትን ከእጅ ለይቶ ያነሣል።

ወንድማችን ካርታውን ሲያስረዳን ወደ ልባችን የመጣው ይህ ነበረ። ዝርዝር የመልክዐ ምድር ካርታ የሚሠራ ሰው የሚያደርገው እንዲሁ ነው። የተራራውን ራስ፣ የሸንተረሩን ትከሻ፣ የሸለቆውን ጉሮሮ፣ የወንዙን አፍ፣ የኮረብታውን እግር በየስማቸው ይዘረዝራል። የእኛም ቋንቋ ለምድር የሰጣት ስሞች የሰው የአካል ስሞች መሆናቸውን ልብ ይሏል። በትምህርት ቤት ግድግዳ የምናየው የአገር ካርታ «ይህ ባሕር ነው፤ ያ ተራራ ነው» ብሎ ያልፋል። የመልክዐ ምድር ካርታ ግን ተራራው በየት በኩል እንደሚወጣ፣ በየት በኩል ገደል እንደሆነ ይናገራል።

መስመሮቹ ምን ይላሉ?

በካርታው ላይ ቡናማ ቀጫጭን መስመሮች እንደ እንጨት ዕድሜ ቀለበት እየተጠማዘዙ ይሄዳሉ። ባለሙያዎች ኮንቱር ይሏቸዋል። አንድ ኮንቱር ከባሕር ወለል እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ሁሉ የሚያያይዝ መስመር ነው። ባሕሩ መቶ ሜትር ከፍ ቢል ውኃው የሚደርስበት ዳርቻ የመቶ ሜትሩ ኮንቱር ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል። መስመሮቹ የተቀራረቡበት ቁልቁለቱ የጸና ነው፤ የተራራቁበት ሜዳ ነው። ሰብሰብ ብለው አንድ ላይ ሊነካኩ የቀረቡበት ገደል ነው። መስመሩ ወንዝ ወይም ደረቅ ፈፋ ሲያቋርጥ እንደ ቀስት ጫፍ ይታጠፋል፤ ጫፉም ሁልጊዜ ወደ ወንዙ መነሻ ያመለክታል።

የአገራችን የመልክዐ ምድር ካርታዎች ብዙዎቹ በአዲስ አበባ በቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት የታተሙ፣ መስፈርታቸው 1፡50,000 የሆነ ናቸው። በእነዚህ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ነው። አንዱ ቅጠል በየአቅጣጫው የሩብ ዲግሪ ስፋት፣ ማለትም 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ በአንድ ኮንቱርና በሚቀጥለው መካከል ያለው የከፍታ ልዩነትም 20 ሜትር ነው። የእግር መንገደኛ ከዚህ ያነሰ ዝርዝር ባለው ካርታ ቢመራ መንገዱን ሊስት ይችላል።

ርቀት የሚለካውም በክር ነው። ክሩን በመንገዱ ጥምዝ ላይ ካስተኙ በኋላ ቀጥ አድርጎ በካርታው ግርጌ ካለው መለኪያ ጋር ማስተያየት ነው። እኛ መቁጠሪያ የምንታታበትን ክር አመጣን፤ ወንድማችንም «ከዚህ የተሻለ መለኪያ በመሥሪያ ቤታችንም የለም» ብሎ ሳቀ።

ከመስመሮቹ የሚገኝ ሌላም ዕውቀት አለ። ከአንድ ቦታ ሌላው ቦታ ይታይ ወይም አይታይ እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። በሁለቱ መካከል ክሩን ዘርግቶ፣ ክሩ የሚያቋርጣቸውን የከፍታ ቁጥሮች መቁጠር ነው። በመካከል ያለ ከፍታ ሁለቱን ቦታዎች ከሚያያይዘው ቀጥተኛ የዕይታ መስመር በላይ ከቆመ ይጋርዳል፤ ካልቆመ ይታያል። ይህ ነገር ኋላ ስለሚያስፈልገን በዚሁ ይቆየን።

ባሕሩ ዜሮ ነው

ሪያድ ከባሕር እጅግ የራቀች ከተማ ናት። በነጅድ አምባ ላይ፣ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ 800 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የጡወይቅ ገደል ይዘረጋል፤ ድንጋዩ በጥንተ ዘመን በባሕር ውስጥ የተቀመጠ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ፣ በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን በዕረፍት ቀናቸው ሲወጡ የቀንድ አውጣና የዛጎል ቅሪት ከድንጋዩ ውስጥ እንደሚያዩ ወንድማችን ነገረን። የሳዑዲ ዓረቢያ የዳሰሳና የጂኦስፓሻል መረጃ ጠቅላይ ባለሥልጣን ዋና መሥሪያ ቤቱ በዚችው ከተማ ነው። ከባሕር የራቀችው ሪያድ ግን ቁመቷ የሚለካው ከባሕር ነው፤ የመንግሥቱ የከፍታ መነሻ በቀይ ባሕር ዳርቻ በጅዳ የተለካው አማካይ የባሕር ወለል ነውና። የእኛም አዲስ አበባ፣ የእኛም ራስ ደጀን፣ ዛሬ የባሕር በር በሌላት አገር ቆመው ቁመታቸው የሚነገረው ከባሕር ወለል ተነሥቶ ነው።

በጠረፍ አካባቢ ይህ ዜሮ ሰውን ያታልላል። ባሕሩን ትቶ ወደ መሬት የሚሄድ ሰው ሁልጊዜ ወደ ላይ የሚወጣ ይመስለዋል። በአፋር ምድር ግን ይህ አይሠራም። በጅቡቲ ያለው የአሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ በአፍሪካ ምድር ከዚህ የሚያንስ ዝቅታ የለም። በእኛው በዳሎል ያለው የጨው ሜዳም ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። በካርታው ላይ የዜሮው መስመር ከጠረፉ ሌላ በመሬቱ ውስጥ እንደገና ይታያል፤ ከእርሱ ወዲያ ያሉት ቁጥሮች የመቀነስ ምልክት አላቸው። ይህን ያላስተዋለ መንገደኛ የሚወጣ መስሎት ይወርዳል፤ የወረደውን ያህል ሙቀቱ ይበረታል፤ የሚያገኘውም ውኃ ጨው ነው።

ከእኛ በፊት የጠረፉን መልክ የጻፉ

ጠረፉን መጻፍ ለመነኮሳት እንግዳ ሥራ አይደለም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ፣ ንጉሥ ካሌብ ወደ ሂምያር ለመዝመት ሲሰናዳ፣ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ ነበረ። በወደቡ የነበረውን ጥንታዊ ጽሑፍ ለንጉሡ ገልብጦ እንዲያቀርብ ታዘዘ፤ እርሱም ገለበጠ። ቆይቶ እንደ መነኮሰ የሚነገርለት ይህ ሰው መልክዐ ምድርን የሚመለከት መጽሐፍ ጻፈ። ዓለም የድንኳኒቱን ቅርጽ ይዛለች ብሎ በሐሳቡ የሣለው አልቆመም፤ በዐይኑ አይቶ የገለበጠው የአዱሊስ ጽሑፍ ግን፣ ድንጋዩ ከጠፋ በኋላ እንኳ፣ እስከ ዛሬ የታሪክ ምስክር ሆኖ ይኖራል። የዚያው የንጉሥ ካሌብ የማዕረግ ስሞች ሲዘረዘሩ ተሃማ ከመካከላቸው ትገኛለች፤ ዛሬ ወጣቶቻችን የሚያቋርጡት በቀይ ባሕር ማዶ ያለው የሞቃቱ ጠረፍ ስም ነው።

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍራ ማውሮ የተባለ የቬኒስ መነኩሴ ታላቁን የዓለም ካርታውን ሲሠራ፣ የኢትዮጵያን ወንዞች፣ ተራሮችና ከተሞች የወሰደው ከአገሩ ተወላጆች ካህናት እንደሆነ፣ እነርሱም በእጃቸው ሥለው እንዳሳዩት በካርታው ላይ መስክሯል። ከመካነ ሥላሴ የሄዱት አባ ጎርጎርዮስም እ.ኤ.አ. በ1652 በጀርመን አገር በጎታ ከሊቁ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተቀምጠው የአገራችንን ነገር አስረዱ። ሉዶልፍ ዕውቀቱን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1683 የኢትዮጵያን ካርታ አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን ካርታውን አላዩም፤ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሰጥመዋል።

ከኛ ዘመን የሚቀርበው የዊልፍሬድ ቴሲጀር ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1933 የአዋሽ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ የት እንደሚጠፋ ለማወቅ ተነሥቶ፣ ወንዙን ተከትሎ አውሳን አልፎ እስከ አቤ ሐይቅ ደረሰ። ከዚያ በጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ አድርጎ በግንቦት ወር 1934 ታጁራ ወረደ። በዚህ በመጨረሻው ጉዞ ከግመሎቹ ብዙዎቹ አለቁበት። ከዓመታት በኋላ በዓረቢያ የሩብ አል ኻሊን በረሃ ሁለት ጊዜ ሲያቋርጥ፣ ያለ ፈቃድ በመግባቱ እ.ኤ.አ. በ1948 ከሪያድ በመጣ የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ትእዛዝ በሱለይል ተይዞ ታሰረ፤ በንጉሡ ዘንድ ባለሟል የነበረው ፊልቢ ለምኖለት ተፈታ። እንግዲህ ዛሬ ወንድማችን የዘረጋልን ካርታ ላይ ያለው ቀጭን መስመር ሁሉ እንዲህ ያለ ጉዞ፣ እንዲህ ያለ የግመልና የሰው ድካም ያለበት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራው በአየር ሆነ። አውሮፕላን ምድሩን ፎቶ አነሣው፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ደግሞ አንዲት የጠፈር መንኮራኩር በዐሥራ አንድ ቀን የምድርን አብዛኛውን የየብስ ክፍል ከፍታ በራዳር ለካች። ሰው ያልረገጠው ጠረፍ እንኳ ዛሬ ኮንቱር አለው።

ካርታ የማይነግረን

ይህን ሁሉ ስናደንቅ ወንድማችን እጁን አንሥቶ አስቆመን። «አባታችን፣ ባለሙያዎቹ መጀመሪያ የሚያስተምሩት ካርታን አለማመን ነው» አለን። አራት ነገር ቆጠረልን።

አንደኛ፣ በኮንቱሮች መካከል የሚደበቅ ነገር አለ። የመስመሮቹ ርቀት 20 ሜትር ከሆነ፣ 15 ሜትር የሆነ ገደል በሁለት መስመሮች መካከል ሊያድር ይችላል። በጠረፍ ላይ ያሉት ገደሎችና የድንጋይ ስንጥቆች ብዙዎቹ ከዚህ የሚያንሱ ናቸው። በራዳር የተለካውም ቢሆን ብዙ ሜትር ስሕተት ሊኖርበት ስለሚችል፣ ከባሕር አንድና ሁለት ሜትር ብቻ ከፍ ላለ ጠረፍ መስመሩ እምነት አይጣልበትም።

ሁለተኛ፣ ዓረቦች ሰብኻ የሚሉት የጨው ረግረግ አለ። በካርታው ላይ ፍጹም ሜዳ ነው፤ ለዐይንም ደርቆ ነጭ ሆኖ ይታያል። ቅርፊቱ ግን ስስ ነው፤ ከሥሩ ጭቃ አለ። የባሕሩ ሞላ ሲል ውኃ ይገባበታል። በካርታው ላይ አጭሩ መንገድ በእርሱ ላይ የሚያልፈው ቢሆንም፣ አዋቂ መንገደኛ በዳር በዳሩ ይዞራል።

ሦስተኛ፣ የካርታውና የስልኩ አለመስማማት ነው። የካርታ ሥራ ሁሉ የሚነሣበት አንድ ቋሚ መነሻ አለው። የአገራችን የቀድሞ ካርታዎች መነሻቸው በግብፅና በሱዳን ድንበር ባለችው በአዲንዳን የተተከለ ነው፤ የሳዑዲ ዓረቢያ የቀድሞ ካርታዎች ደግሞ በምሥራቁ በኩል ካለችው ዐይን አል ዐብድ ከምትባል ምንጭ ይነሣሉ። (በዓረብኛ የአገልጋዩ ምንጭ ማለት ነው፤ በግእዛችን «ዐብድ» ሰነፍ፣ አእምሮ የጎደለው ማለት ስለሆነ የግእዝ ተማሪ እንዳይሳሳት።) ዛሬ በስልካችን ያለው ከሳተላይት የሚቀበል መሣሪያ ግን ሌላ መነሻ አለው። ስለዚህ የስልኩን ቁጥር ሳያስተካክሉ በአሮጌው የአገራችን ካርታ ላይ ቢያኖሩት፣ ከእውነተኛው ቦታ 200 ሜትር ያህል ይስታል። በሜዳ ላይ 200 ሜትር ምንም አይደለም፤ በሌሊት በገደል አፋፍ ግን የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው። መነሻው በካርታው ኅዳግ ተጽፏል፤ ኅዳጉን ማንበብ ያስፈልጋል።

አራተኛውን ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ። «ካርታው ጉድጓድ እንዳለ ይናገራል፤ ውኃ እንዳለው አይናገርም።» ካርታ ሠሪው በየትኛው ወር እንዳለፈ፣ በዚያ ዓመት ዝናብ ዘንቦ እንደነበረ፣ ውኃው ጣፋጭ ይሁን መራራ፣ ሰማያዊዋ ክብ አንዱንም አትመልስም። ይህን የሚያውቀው ፍየሉን ወደ ጉድጓዱ የሚነዳው አፋሩ እረኛ ብቻ ነው።

ክሩን በጣልን ጊዜ

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ከኪዳን በኋላ፣ ክራችንን ከታጁራ አንሥተን በጠረፉ ጥምዝ እያስተኛን እስከ ኦቦክ አደረስነው። ቀና አድርገን ብንለካው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆነ፤ 60 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ቀሪውን ሒሳብ አብረን ሠራን። በአሸዋና በድንጋይ ላይ፣ በጨለማ፣ የደከመ ሰው በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር ቢሄድ ሃያ ሰዓት ይፈጅበታል። በዚያ ሙቀት የሚራመድ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ውኃ ይሻል፤ ስለዚህ ሃያ ሊትር ያስፈልገው ነበር። የያዙት ግን ሁለት ሁለት ሊትር ነው።

ወንድማችን ቁጥሩን ሲያይ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም «ደላላው አንድ ሌሊት ነው ብሎን ነበር» አለ።

ያን ጊዜ ጥያቄውን መለስንለት። «ልጃችን፣ ካርታው በዚያች ሌሊት በእጃችሁ ቢኖር ጓደኛህ ይተርፍ ነበር ወይ ላልከው፣ ይተርፍ ነበር ልንልህ አንችልም። የጉድጓዱን ምልክት አይተናል፤ ውኃውን አላየንም። በጨለማ፣ ያለ መብራት፣ የደከመ ሰው ተሸክማችሁ ኮረብታውን ዞራችሁ ታገኙት እንደነበረም አናውቅም። አንተም ካርታ ሳይኖርህ ያላወቅኸውን ባለማወቅህ ራስህን አትክሰስ። ነገር ግን ይህ ካርታና ይህች ክር በመንደራችሁ፣ በአባቶቻችሁ ፊት፣ ደላላው ገንዘብ ሳይቀበል ተዘርግተው ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ሌሊት የተባለው መንገድ ሁለት ሌሊት፣ አንድ ጠርሙስ የተባለው ውኃ ዐሥር ጠርሙስ እንደሆነ ሕፃን እንኳ ይረዳው ነበር» አልነው።

ይህም የጉዞው የመጀመሪያ ቁራጭ ብቻ ነው። ከኦቦክ ወዲያ ባብ አል ማንደብ አለ፤ ትርጓሜው የእንባ በር ነው። ከእርሱ ማዶ የየመን ጠረፍ፣ ከየመን ጠረፍ የጦርነት ቀጠና፣ ከዚያ ተራራማው ድንበር፣ ከድንበሩ እስከ ሪያድ ደግሞ ሌላ በረሃ። ይህን ሁሉ አልፈው የደረሱትም ቢሆኑ ያገኛቸውን እናውቃለን፤ በኅዳር 2006 ዓ.ም. በሪያድ መንፉሓ ሰፈር በወገኖቻችን ላይ የደረሰውን፣ በዚያ ወራትም ከ160 ሺህ የሚበልጡ ተመልሰው ሲመጡ ከእነርሱ ብዙዎቹ በዚህ ገዳም ደጅ ባዶ እጃቸውን አርፈው እንደነበረ የምታስታውሱ አላችሁ።

የእናቲቱ ጥያቄ

መልሳችንን ሰምቶ ካርታውን መጠቅለል ሲጀምር፣ ካርታውን ከሪያድ ድረስ ለምን እንዳመጣው ነገረን። የሟቹ ጓደኛው እናት ከገዳማችን የግማሽ ቀን መንገድ በሆነች አጥቢያ ትኖራለች። እርሱ አገሩ በመጣ ቁጥር ወደ እርሷ ሳይሄድ ይመለስ ነበር፤ «ልጄን የት ተዋችሁት?» ብትለው «በበረሃ» ከማለት በቀር መልስ ስላልነበረው። ጓደኞቹ በእጃቸው ድንጋይ ከምረውበት ነበር የሄዱት። አሁን ግን ኮረብታውን በካርታው ላይ ለይቶታል፤ ቦታውን ሊያሳያት ይችላል። ብቻውን መሄድ ግን ፈራ።

እኛም አንድ ረድእ አስከትለን አብረነው ሄድን። እናቲቱ ወረቀቱን በመደቡ ላይ ዘርግተን ስናሳያት አላለቀሰችም፤ ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት አልቅሳ ጨርሳለችና። እጇን በሰማያዊው ባሕር ላይ፣ ከዚያ በኮረብታው ላይ አኖረች። ከዚያም ያልጠበቅነውን ጠየቀችን፦ «አባቴ፣ ከተኛበት ባሕሩ ይታያል?»

ወንድማችን ክሩን ከኮረብታው ሥር ወደ ጠረፉ ዘረጋ። የሚያቋርጣቸውን ቁጥሮች አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ኮንቱሮቹ ወደ ባሕሩ እየወረዱ ነበር፤ በመካከል የሚጋርድ ከፍታ የለም። «ይታያል፣ እማማ። እስከ ውኃው ድረስ ገላጣ ነው» አላት። እርሷም «እንግዲህ ደግ ነው፤ ቦታው ገደል መስሎኝ ነበር» አለች። በዚያው ሳምንት ፍትሐቱ ስሙ ተጠርቶ፣ ቦታውም ተነግሮ ተደረገለት።

ለተሳላሚዎችና ለማኅበሩ

ወንድማችን ወደ ሪያድ ሲመለስ ካርታውን ለገዳሙ ትቶልናል። ዛሬ በእንግዳ ማረፊያው በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከጎኑም ክሩ በምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ልጁን ወይም ወንድሙን ለመንገድ የሚያሰናብት ማንም ሰው መጥቶ ክሩን ጥሎ እንዲለካ እንፈልጋለን፤ ማንበብ ለማይችልም ረድኡ ያነብለታል። ወደ ገዳማችን በእግር የምትመጡትም የአካባቢያችን 1፡50,000 ካርታ እስኪገኝልን ድረስ፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን ቁልቁለት በቀን እንጂ በማታ እንዳትሞክሩት፣ ውኃም ከላይኛው ምንጭ ቀድታችሁ እንድትወርዱ አደራ እንላለን።

በሪያድ፣ በጅዳና በሌላም ስፍራ የምትኖሩ ልጆቻችን አንድ ነገር እንለምናችኋለን። በዚያ ጠረፍ ያለፋችሁ ብዙዎች ናችሁ። ጓደኞቻችሁን ያረፋችሁበትን ቦታ፣ በአቅራቢያው የነበረውን ኮረብታ፣ ፈፋ፣ መንደር፣ የምታስታውሱትን ሁሉ፣ ከሟቹ የክርስትና ስም ጋር ጽፋችሁ ላኩልን ወይም ለበዓል ስትመጡ ይዛችሁልን ኑ። በካርታው ላይ ቦታውን ፈልገን ምልክት እናደርግበታለን፤ ስሙንም በመዝገባችን እንጽፋለን። እስካሁን የተጻፈው ስም አንድ ብቻ ነው።